የስለቱ ብር

ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ እዚህ ሐዋሳ በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠርቷል። «ልጃቸው ከሕመሙ ስለ ዳነላቸው የተሳሉትን 10,000 ብር ለቅዱስ ገብርኤል ይዘው መጥተዋል» ሲባል በዙሪያዬ የቆሙት እናቶች በእልልታ ተቀበሉት፤ እኔም እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እየጠረግሁ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ያ እንባ የእውነት ነበር። ልጄ በክረምቱ ታሞ ያደረባቸውን ሌሊቶች የማውቃቸው እኔ ነኝ፤ ስለቱንም የተሳልሁት ከልቤ ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ጠዋት የሰጠሁት ብር የእኔ እንዳልነበረ ዘግይቼ ስለ ተረዳሁና፣ ተረድቼም ዝም ማለት ሁለተኛ በደል መስሎ ስለ ተሰማኝ ነው።

ቤታችን አቶቴ አካባቢ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በደላላ በኩል አንዲት ወጣት ተቀጥራ መጣች። የአለታ ወንዶ ገጠር ልጅ ናት። ወደ ሐዋሳ የመጣችው የሰው ቤት ለመሥራት አልነበረም፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ከየገጠሩ እንደ ጎረፉት ብዙ ሴት ልጆች እርሷም በአንድ ፋብሪካ የስፌት መስመር ላይ ተቀጥራ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ከሚያስገባው ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ትእዛዝ ሲቀንስ ሰው ተቀነሰ፤ እርሷም ከተቀነሱት አንዷ ሆነች። ወደ ገጠር ባዶ እጇን ላለመመለስ ደላላ ፊት ተቀመጠች። እኛ ቤት ከመድረሷ በፊት ሁለት ቤት ሠርታለች። የመጀመሪያውን ቤት አሠሪዎች የሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፍሏት እንደ ወጣች የነገረችኝ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነበር፤ እኔም «አይ የሰው ክፋት!» ብዬ ከንፈሬን መጥጬላታለሁ።

በወር 2,000 ብር ተስማማን። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ግን «እጅሽ ላይ ከዋለ ይበተናል፤ እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» አልኋት። አባባሉ በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ሁላችንም ለእነርሱ አስበን የምናደርገው ይመስለናል። በእርግጥ ከሐሳቤ ውስጥ ለእርሷ ያሰብሁት ክፍል ነበረበት። ሌላውን ክፍል ግን ያኔ ለራሴም አልነገርሁትም። ደላላ ሠራተኛን በሌላ ቤት ትንሽ ብር ጨምሮ ያስኮበልላታል፤ ገንዘቧ እኔ ዘንድ ካለ ግን በአንድ ሌሊት ተነሥታ አትሄድብኝም። ስለዚህ በስሙ ቁጠባ ያልሁት ነገር በግብሩ መያዣ ነበር። እርሷ ተያዥ ጠርታ፣ ዋስ አቁማ ነው የገባችው፤ እኔን ግን ማንም ዋስ አልጠየቀኝም።

«እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለውን ቃልም እኔው ራሴ ስንት ጊዜ ለእንግዳ ተናግሬዋለሁ። ልጄ ግን ምግቡን ከእኛ ጋር በማዕድ ይበላል፤ እርሷ እኛ ከተነሣን በኋላ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ልጄ ሲያመው ሌሊቱን ሙሉ እቀመጣለሁ፤ እርሷ ራሴን አመመኝ ስትል ኪኒን ሰጥቼ «ጋደም በይ» እልና ከአንድ ሰዓት በኋላ ለቡና እጠራታለሁ። «እንደ ልጄ» የሚለው ቃል ከልጅነት መብት አንዱንም ሳይሰጣት ከሠራተኛነት መብቷ ግን የሚቀንስባት ቃል ነበር፤ ልጅ ደመወዝ አይጠይቅማ! ሰዓትም አይቆጥርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን በሰው ቤት የሚሠሩትን ከወሰኑ ውጭ ትቷቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2601 ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ በመኝታው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ጤናውና ክብሩ እንዲጠበቅለት ያዛል፤ ነገር ግን ይህን አንቀጽ ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆም የቤት ሠራተኛ እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ በእኔና በእርሷ መካከል በተግባር የቆመው ዳኛ የእኔ ፈሪሃ እግዚአብሔር ብቻ ነበር። ዓመት እስከ ዓመት የምጾም፣ በየወሩ በ19 የማስቀድስ፣ ለነዳያን ብር ዘርዝሬ በመደዳ የማድል ሴት ስለ ነበርሁ ይህ ዳኛ በቂ ይመስለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 18 ዓርብ ነበር። ለማግሥቱ እንግዶች የጾም ወጥ ስንሠራ አመሸን። እርሷ ሽንኩርት ትከትፍ ነበርና ስታለቅስ ባያት ከሽንኩርቱ መስሎኝ አልጠየቅሁም። ዕቃውን አጣጥባ ከጨረሰች በኋላ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች፣ «እትዬ፣ እናቴ ታማለች፤ ሐኪም ቤት አስገብተዋታል። ከተቀመጠልኝ ብር ቢሰጡኝ ነገ ማታ እንግዶቹ ሲሄዱ ብነሣ» አለችኝ። የሚገርመኝ አሁንም ይህ ነው፤ እናቷ ሆስፒታል ተኝታ እርሷ የእኔን እንግዶች ታስብ ነበር።

የስምንት ወር ደመወዟ 16,000 ብር ነው። በመስከረም ለወንድሟ የትምህርት ቤት ልብስ 2,000 ወስዳለች። 14,000 ይቀራታል። በባንክ ሒሳቤ የነበረው ግን 12,640 ብር ብቻ ነበር፤ የሱቄን ዕቃ ሳስገባ የእርሷንም የእኔንም ሳልለይ ስጠቀምበት ከርሜአለሁ። «በዓሉ ይለፍ፤ ሰኞ እሰጥሻለሁ፤ ዕቁብም ይወጣልኛል» አልኋት። ፊቷን ሳየው ግን አሳዘነችኝና ከቦርሳዬ 500 ብር አውጥቼ «ለመሳፈሪያሽ» ብዬ ሰጠኋት። እርሷም በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። በዚያች ሌሊት ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

በማግሥቱ ያ 10,000 ብር ተሰጠ።

እስቲ ሒሳቡን ከእኔ ጋር አስሉት። እጄ ላይ 12,640 ብር አለ፤ ለአንዲት ድኻ ልጅ 14,000 ብር ዕዳ አለብኝ፤ ዕዳውም በትናንትናው ሌሊት ተጠይቄአለሁ። እንግዲህ የእኔ የሆነ ምን ነበረኝ? ከዜሮ በታች ነበርሁ። ከዐውደ ምሕረቱ ፊት የቆምሁትና እልልታ የተቀበልሁት እኔ ነኝ፤ የከፈለችው ግን ቤት ውስጥ ድስት ጥዳ የእኔን እንግዶች ትጠብቅ የነበረችው ልጅ ናት። እርሷም የመካነ ኢየሱስ ምእመን ናት፤ የስለት ልማድ በእርሷ ዘንድ የለም። እሑድ እሑድ ለሦስት ሰዓት ያህል ወደ ጸሎት ቤቷ እንድትሄድ ስትጠይቀኝ «ምሳው ከደረሰ በኋላ» እያልሁ ፕሮግራማቸው ሊያበቃ ሲል እለቃት ነበር። በኋላ ሳነብ እንደ ተረዳሁት የእርሷ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1964 ዓ.ም.፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትንና የሰውን ኑሮ ማሻሻልን ነጣጥሎ ማየት ልክ እንዳልሆነ ተከራክራ ነበር፤ ሰው አንድ ነው፣ ነፍሱም ሥጋውም አብረው ነው የሚገለገሉት ብላ። እኔ ግን የልጅቱን ነፍስ ከጸሎቷ፣ ሥጋዋን ከደመወዟ ከልክዬ ነበር የያዝኋት።

እሑድ ገና ሳይነጋ ሄደች። ሰኞ ዕቁቡ ለእኔ አልወጣም። ማክሰኞ ደወልሁላት፤ ስልኳ አይሠራም። ረቡዕ ከቤታችን ማዕዘን ላይ ጉሊት ወደምትቸረችረው ሴትዮ ቲማቲም ልገዛ ወጣሁ። ይህችን ሴት ለስድስት ዓመት አውቃታለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉም ቲማቲሙን ከመደብ ላይ ሳነሣ «ምራቂስ?» ሳልላት ቀርቼ አላውቅም። አንዲት ሽንኩርት፣ ሁለት ቃሪያ፣ ከእጇ ሳላስጨምር አልሄድም። ቋንቋችን መመረቅንና መጨመርን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን ከእርሷ ጭማሪውን ስወስድ ምርቃቱ ከየት እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም። ያን ቀን ሒሳቤን ስሰጣት፣ «የልጅቷ እናት ተሻላቸው?» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት፣ ቅዳሜ ማታ መደቧን ስታነሣ ልጅቱ እያለቀሰች መጥታ 1,500 ብር እንደ ተበደረቻት ነገረችኝ። «ለእሑድ ዕቃ መግዣ የያዝሁት ነበር፤ እናት ታማ እንዴት ዝም ይባላል?» አለች። ይህን ስትል ለመመጻደቅ አልነበረም፤ ቃሪያውን በላስቲክ እየቋጠረች ነው የተናገረችው። በላስቲኩም ውስጥ፣ ሳልጠይቃት፣ ሁለት ሽንኩርት ጨመረችልኝ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ሴቶች ተጠይቀዋል፤ አንዷ የራሷን የመነገጃ ብር ለባዕድ ልጅ ሰጠች፤ ሌላዋ የልጅቱን የራሷን ብር ከለከለቻት። የተከለከለችበት ምክንያት ደግሞ ስለት ነው።

እኛ ኦርቶዶክሳውያን የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት የምንሰማውን የበላዔ ሰብን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። 78 ሰው የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለአንድ የተጠማ ሕመምተኛ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ምሕረትን አገኘ። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ለዓመታት የተደበቅሁበት ታሪክም ነው። ጥርኝ ውኃ ካዳነ የእኔ ሳንቲም፣ የእኔ ዳቦ፣ የእኔ 500 ብርማ እንዴት አያድንም እል ነበር። አንድ ነገር ግን ዘልዬ አልፍ ነበር፤ ያ ሰው የሰጠው ውኃ ለራሱ ጥም የያዘውን ነው። ከተጠማው ሰው እንስራ ቀድቶ አልሰጠውም። እኔ ለልጅቱ 500 ብር ስሰጣት የሰጠኋት ከራሷ ገንዘብ ነው፤ በገንዘቧ ላይ ደግሞ ምስጋናዋን ጨምሬ ተቀበልሁ።

ስለ ምጽዋት የምናስበው ሁልጊዜ ከሩቅ ሰው ጋር አያይዘን ይመስለኛል። ድኻ ሲባል ዐይናችን የሚሄደው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ወደ ተደረደሩት፣ በየመብራቱ ወደ መኪና መስኮት እጃቸውን ወደሚዘረጉት ነው። ለእነርሱ መስጠት ይገባል፤ ይህን የሚያቃልል ቃል ከእኔ አይውጣ። ሆኖም ለእነርሱ የምሰጠውን መጠኑንም፣ ጊዜውንም፣ ፊቱንም የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ባልሰጥም ማንም ስሜን አይጠራም። ስሟን የማውቃት፣ እኔን «እትዬ» የምትለኝ፣ ሌሊት የተነሣሁበትን ሰዓት ሳይቀር የምታውቅ ድኻ ግን በእኔ ላይ ያላት ነገር ልመና አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ስለ ድኻ ምንደኛ ሲናገር ደመወዙን ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው ይላል፤ ምክንያቱንም ሲጨምር ነፍሱ በእርሱ ላይ ተስፋ አድርጋለችና ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽብህ ይላል። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የሚያሰማን ያንኑ ጩኸት ነው፤ በእርሱ ዘንድ የሚጮኸው ራሱ የተያዘው ደመወዝ ነው። የእኔ የሱቅ መሳቢያ ስምንት ወር ሲጮኽ ኖሯል ማለት ነው።

ከልደት በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። በመጨረሻም፣ «አባቴ፣ በሰው ቤት ለሚሠሩ እንዲህ ማድረግ እኮ ሁሉም ዘንድ ያለ ነው» ብዬ ጨመርሁ። ያን ቃል ባልተናገርሁት ኖሮ እላለሁ። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና መጽሐፈ ሲራክን ከፍተው እንዳነብብ ሰጡኝ። ከድኾች ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሰው ልጅን በአባቱ ፊት እንደሚያርድ ነው የሚል ነው፤ ወረድ ብሎ ደግሞ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚከለክል ደም ያፈስሳል ይላል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው 50ኛ ድርሳን ክርስቶስ በረኀብ ሳለ ማዕዱን በወርቅ ጽዋ ማስጌጥ ምን ይጠቅማል ብሎ ሕዝቡን እንደ ገሠጸም ነገሩኝ፤ ያ አባት ቤተ መቅደስ እንዳይሸለም አልከለከለም፣ ነገር ግን አስቀድሞ የተራበውን አጥግብ፣ ከዚያ በተረፈው ማዕዱን አስጊጥ አለ እንጂ። ቅደም ተከተሉን ነው ያፋለስሽው አሉኝ።

«አሁን ግን ከፍያታለሁ፤ ስለቱ የእኔ አልሆነም?» ብዬ ጠየቅሁ። በእርግጥ ከፍዬ ነበር። የዕቁባችንን ዳኛ ለምኜ ዕጣ ከወጣላት ሴት ጋር ተለዋውጬ፣ ልጅቱ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ስትመለስ 14,000 ብሩን እጇ ላይ ቆጥሬ ሰጥቻታለሁ። እናቷ ድነዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጅቱ ብሩን በሳሎኑ ደፍ ላይ ተቀምጣ እየደረደረች ከቆጠረች በኋላ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ አምስት መቶው አልተቀነሰም» አለችኝ። እንዳይቀነስ እኔ እንደ ፈለግሁ ስነግራት አልገባትም። ከብሩም 1,500 ለየችና፣ ገና ከመንገድ እንደ ገባች ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር፣ ወደ ጉሊቷ ሮጠች።

ንስሐ አባቴ ይህን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ለእርሷ የመለስሽው ዕዳ ነው፤ ከጽድቅ እንዳትቆጥሪው። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እናቷ በአልጋ ላይ ሳለች አንቺን የተሸከመችሽ እርሷ ናት። ለዚያ ቀኖና ትቀበያለሽ» አሉኝ። ቀኖናዬ ስግደት ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። የሰጡኝ ግን ይህን ነው፤ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ደመወዟ በሚደርስበት ቀን፣ ሳልከፍላት እህል እንዳልቀምስ።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። በወሩ 30ኛ ቀን ጠዋት፣ ቡና ሳልጠጣ፣ ወደ ራሷ የባንክ ሒሳብ አስተላልፋለሁ፤ በፋይዳ መታወቂያዋ የከፈትንላት ሒሳብ ነው። በሚያዝያ ግን የሱቁ ገበያ ቀዝቅዞ፣ የቤት ኪራይም ተከፍሎ፣ ሒሳቤ ላይ ከ900 ብር ያልበለጠ ነበር። እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ ቆየሁ። አንድ ደንበኛ የስምንት ደርዘን ደብተር ሒሳብ አምጥቶ እስኪከፍለኝ ድረስ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሆዴ ሲጮኽ፣ ያለ ደመወዝ ወር ማለፍ በሥጋ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፤ የእኔ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ደመወዟንም በሰኔ ወደ 2,500 አሳደግነው፤ እሑድም ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀኑ የራሷ ነው። የአሠሪዎች ክርክር አለ፤ «እንዲህ ከሆነማ ሠራተኛ መቅጠር አንችልም» ይላሉ። ምናልባት እውነት ይሆናል። መክፈል የማልችለውን ጉልበት ግን የመግዛት መብት ከየትኛው ወንጌል እንዳገኘሁ አላውቅም፤ ባለቤቴም እኔም እሑድ ምሳችንን ራሳችን መሥራት ለምደናል።

ጳጉሜን ስትገባ ሌላ ጥያቄ መጣ። ደመወዝ በወር ነው፤ የወሩ ሠላሳ ቀን ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ በልማዳችን ለሠራተኛ ደመወዝ የላትም። አምስቱን ቀን ግን ልጅቱ እንደ ወትሮው ተነሥታ እሳት ታነዳለች፣ ለዘመን መለወጫም ከወትሮው እጥፍ ትሠራለች። ስሌቱን ሠራሁት፤ 2,500 ለ30 ሲካፈል፣ በአምስት ሲባዛ፣ 417 ብር ገደማ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ጠዋት ቡና ሳይፈላ ላክሁላት። መልእክቱን ስልኳ ላይ አይታ ስሕተት መስሏት ልትመልስልኝ መጣች፤ የአምስቱ ቀን እንደ ሆነ ስነግራት «ጳጉሜንም ይከፈላል?» ብላ ቆማ ቀረች።

በዚያው ቀን ለጎረቤቴ ሠራተኛ ነግራታለች፤ ያቺም እመቤቷን ጠይቃታለች። ጎረቤቴ የዓውደ ዓመት ቡና ላይ አልመጣችም። በማግሥቱ እኔው ራሴ ሄድሁ፤ አጥሩ ሥር አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ በሚያልፉት ልጆች መካከል ቆመን ብዙ ተነጋገርን፤ አልተስማማንም። ልወጣ ስል ግን፣ «ያንቺ ለስንት ነው የደረሰው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስሌቱን እንደገና በስልኬ ሠርቼ አሳየኋት።